ኮች ምቤሌና ወደ ኋላ የምታይ ልጁ

ጡረታ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነገር አይደለም። ጎህ ሳይቀድ እነሣለሁ፤ ቦት ጫማዬን አጠልቃለሁ፤ ባርኔጣዬን ስፈልግ ቤቱን አተራምሳለሁ። ይሄኔ ባለቤቴ አስቴር ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ «ግርምሽ፣ ወዴት ነው? ጡረታ ወጥተሃል እኮ! ፈረሶቹ እንኳ ሰምተዋል» ትለኛለች። ቦቴን አወልቅና ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ። ከታች ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ይጮሃል፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ይጋፋል፤ እኔም እንደ ታሰረ ፈረስ ባለሁበት እረግጣለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ጋልቤያለሁ፤ ሰው አስጋልቤያለሁ። ከእኔ በፊት አባቴ፣ ከእኔ በኋላ ልጄ ሊዲያ፣ ሁላችንም እንጀራችንን ያገኘነው ከፈረስ ጀርባ ላይ ነው። አሁን ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው የውድድር ወቅት የሆነው ነገር ነው። በሆዴ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም! እዚህ ናይሮቢ፣ በንጎንግ መንገድ በኩል ካለው የግልቢያ ክለባችን ከዋና አሰልጣኝነት ጡረታ ስወጣ ቦታዬን ለሊዲያ እንዲሰጧት ለመንኩ። የክለቡ ባለቤት ሚስስ ዴሳይ ከፓርክላንድስ በየማለዳው መኪናዋን እየነዳች የምትመጣ፣ ቀልድ የማታውቅ፣ ፈረስ ግን ከልቧ የምትወድ ሴት ናት። «ለአንድ ወቅት እንሞክራት» አለችኝ። «በመዝጊያው ውድድር ላይ ልጆቹ አንድ ነገር ካላሳዩ ግን ከውጭ አገር አሰልጣኝ አስመጣለሁ። አትቀየመኝ፣ ግርማ።» አልተቀየምኳትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ለሊዲያ ካልተሳካላት የቤታችን ሙያ እዚሁ ላይ ማብቃቱ ነው።

አባቴን አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። እንደ ድሮ ፈረሰኞች ወግ የሚጠራው በፈረሱ ነው፤ ፈረሱ ሸጋው ስለሚባል እሱም «አባ ሸጋው» ነበር። እናቴ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ጃንሜዳ ላይ ፈረስ ለእሽቅድምድም ያሠለጥናል፤ በበዓል ጉግስ ይጫወታል፤ ወጣቶችንም ያስተምራል። ጉግስ ላላየ ሰው ልንገር፤ ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው ፈረሱን እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ ያይና በጋሻው ይመክታል። አቧራው! እልልታው! ምድሪቱ በኮቴ ስትደለቅ! አሁን ስጽፈው እንኳ ልቤ ትዘላለች።

አባቴ ሲያስተምር ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ጋጣ ታጸዳለህ፤ ከዚያ ያለ ኮርቻ ትቀመጣለህ፤ ከዚያ ታባርራለህ። መሸሽ የምትማረው መጨረሻ ላይ ነው። «ማባረርማ ውሻም ያባርራል» ይል ነበር፤ «ሙያው ያለው መባረር ላይ ነው።» እኔንም ጢሜ ማቆጥቆጥ ሲጀምር መሸሽ ያስተምረኝ ጀመር። ከኋላዬ እየጋለበ፣ «ዓይንህ ለጠላት! ዓይንህ ለጠላት!» እያለ ይጮህብኛል፤ ዞሬ ካላየሁት በዘንጉ ጀርባዬን ይለኛል። ጀርባዬ እስኪላጥ ተማርኩ። ትምህርቱ ሳያልቅ ግን ጊዜው ከፋ። እኩዮቼ እየታፈሱ ወደ ጦር ሜዳ ሲጫኑ፣ እኔ በሞያሌ በኩል ድንበር ተሻገርኩ።

ናይሮቢ ስገባ ፓርክላንድስ ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተጋራሁ። የስደተኛ ወረቀትን ጣጣ አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል። አንድ እሑድ በጸሎት ቤታችን ደጅ ላይ አንድ ሰው፣ «ፈረስ ታውቃለህ አሉ። አንድ ክለብ ሳይስ ይፈልጋል» አለኝ። እዚህ አገር ሳይስ የሚሉት ፈረስ ጠባቂውን ነው። ደሞዙ ለማታቱና ኡጋሊ ለሚሉት የበቆሎ ገንፎ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። የፈረስ ጠረን ካሸተትኩ ዓመት አልፎኝ ነበርና በነጻ ግባ ቢሉኝም እገባ ነበር!

የመጀመሪያ ቀን ጉዴን ስሙልኝ። ዋናው አሰልጣኝ ምዜ ካሪዩኪ ሸበቶ፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ነበሩ። አንዲት ዳማ ባዝራ አስጭነው፣ «እስቲ ውጣባት» አሉኝ። እኛ ቤት ፈረስ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው፤ የጥንቱ ፈረሰኛ ጎራዴውን በቀኝ ስለሚታጠቅ የሚያሻግረው ግራ እግሩን ነበር። የዚህ አገር ፈረስ ደግሞ በግራ በኩል እንጂ በቀኝ የወጣበት ሰው አያውቅም። በኩራት ቀኝ እርካብ ላይ እግሬን ሳኖር ባዝራዋ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ያለች ይመስል ሸተት አለች፤ እኔም ፋንድያ ላይ ተዘረርኩ። ሌሎቹ ሳይሶች በሳቅ ፈነዱ። ምዜ ካሪዩኪ ግን አልሳቁም። ትከሻዬን በኮፍያቸው እያራገፉ፣ «ፖሌ ሳና፣ ኪጃና» ብለው አጽናኑኝና ወደ ባዝራዋ ዞሩ። «አንቺም ከነገ ጀምሮ በቀኝ በኩል ትማሪያለሽ» አሏት። የምራቸውን ነበር፤ የክለቡን ፈረሶች በሙሉ ሁለቱንም ወገን አስለመዷቸው። እንዲህ ያለ አለቃ ደግሜ አላገኘሁም።

ምዜ ካሪዩኪ ሻይ ሳይቀምሱ በየጋጣው ይዞሩና የእያንዳንዱን ፈረስ እግር ከጉልበት እስከ ኮቴ ይዳስሱ ነበር። የሚዳስሱትም በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነው። «መዳፍን ሥራ አደንድኖታል፤ ሙቀቱን አይነግርህም» ይሉኛል። ጅማቱ ትንሽ ከጋለ ያ ፈረስ ያን ቀን ሰው አይወጣበትም፤ የማንም ወላጅ ቢቆጣ አይሰሙም። እንግዳ ሰው የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ልማዳቸው ነው። ፈረሰኛ ሲያሠለጥኑ ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቆሙት! ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዝሙር በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ፣ የኮቴውን ምት ያዳምጣሉ። ሶምሶማ ሁለት ምት አለው፣ ደንገላሳ ሦስት። ምቱ ከተዛባ ችግሩ ከፈረሱ ይሁን ከፈረሰኛው ይለያሉ። ፈረሰኛው ኮርቻ ላይ እያለም አይናገሩትም። ፈረሱ ተራግፎ ውሃ ከጠጣ በኋላ ይመጡና አንዲት ነገር ብቻ ብለው ይሄዳሉ። ምን ለማለት ነው ብለህ ብትከተላቸው ሻያቸውን መጠጣት ጀምረዋል።

ከሳይስነት አንሥተው ፈረሰኛ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። መሰናክል መዝለልን ከባዶ ጀመርኩት፤ ጉግስ ላይ የሚዘለል ነገር የለማ! ፈረስ ከአግዳሚው እንጨት ምን ያህል ርቆ ሲነሣ እንደሚመቸው፣ አየር ላይ ሳለ ዛቡን እንዴት እንደሚለቁለት፣ ሲያርፍ ክብደትን ከወገቡ ላይ እንዴት እንደሚያነሡለት፣ ይህን ሁሉ እንደ ልጅ ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ወደድኩት! ፈረስ ከመሬት ሲለቅ ሆድህ ውስጥ የሚሰማህን ነገር በቃል መግለጽ አልችልም፤ የሞከረ ብቻ ያውቀዋል። በኋላም ራዲ የሚባል ቀይ ፈረስ ሰጡኝ። ራዲ በስዋሂሊ መብረቅ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አልዋሸም።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልግባ። በራዲ ላይ ሆኜ፣ ክለቡን ወክዬ ለትልቁ የፍጻሜ ውድድር ደረስኩ። ካሸነፍን ከኬንያ ውጭ ሄደን እንወዳደራለን፤ ያ ለክለቡ የመጀመሪያው ነበር። ምዜ ካሪዩኪ ያን ቀን ከረባት አስረው መጡ። መሰናክሎቹን አንድ በአንድ አለፍናቸው። ራዲ ይበራል! ሁለት ብቻ ሲቀሩ፣ አንደኛውን ስንዘልል የኋላ ኮቴው አግዳሚውን ነካና «ኳ!» አለ። እኔም ዞርኩ። ሳስብ አልነበረም፤ ያ የልጅነቴ «ዓይንህ ለጠላት» ነው ያዞረኝ። እንጨቱ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቀም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፊቴን ስመልስ ግን ራዲ የመጨረሻውን መሰናክል፣ ተሳፋሪ የሌለበትን ፌርማታ እንደሚያልፍ ማታቱ፣ በጎኑ አልፎት ሄዷል።

ሜዳው ሙሉ ሰው «አይይይ!» አለ። ከፈረስ ወረድኩ። ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያዳምጡ የነበሩት ምዜ ካሪዩኪ ራዲ ውሃውን እስኪጠጣ ጠበቁና መጡ። «ራዲ እግር ቀየረ» አሉኝ። በቃ፣ ይችን ብቻ! ከድርቆሹ ኋላ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፈረሱ እግር ቀየረ አልቀየረ ምኔ ነው! እኔ የበደለኝን አውቄዋለሁ፤ ወደ ኋላ ማየቴ ነው። ሁለተኛ ወደ ኋላ ላላይ፣ ሌላ ሰውም እንዳያይ ላደርግ፣ እዚያው ድርቆሹ ውስጥ ማልኩ።

ቀጥሎ ናኩሩ አካባቢ የፖሎ ፈረስ ለማሠልጠን ሄድኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ለፈረስ ጥዋት ጥዋት ደኅና አደርክ ይላል፣ ለሰው ግን አይልም። ያ ኑሮ አልሆነልኝም፤ ምዜ ካሪዩኪ ሲያረጁና ክለቡ ሲጠራኝ ዕቃዬን በአንድ ከረጢት ጠቅልዬ በሩጫ ተመለስኩ። እኔ አሰልጣኝ ስሆን እንደ እሳቸው ዝም ብዬ አልቆምም ነበር። ልጆቹ ሲዘልሉ ከኋላ ሆኜ ጣሳ እደበድባለሁ፣ ስማቸውን እጠራለሁ፣ «እንጨቱ ወደቀ!» ብዬ እዋሻለሁ። ዞሮ ያየ ጋጣ ይጠርጋል። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማይለየው «አንጋሊያ ምቤሌ!» ነበር፤ ፊት ለፊት እይ ማለት ነው። ልጆቹም «ኮች ምቤሌ» ብለው ስም አወጡልኝ። ዌስትላንድስ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች፣ ባለ ከረባት ሠራተኞች፣ ከደረጃው ማዶ «ኮች ምቤሌ!» እያሉ ሲጠሩኝ አስቴር ታፍራለች፤ እኔ ግን ደረቴ ያብጣል። ስንቱን ዋንጫ በዚያች ቃል በልተናል!

አባቴ እናቴ ካረፈች በኋላ እኛ ዘንድ መጣ። አርጅቷል፣ ጉልበቱ ከድቶታል፣ ምላሱ ግን እንዳለ ነው። ክለቡ አጥር ሥር ወንበር አስቀመጥንለትና ከዚያ ሆኖ ይተቸኛል። «ልጆቹን አንገታቸውን ገተርክባቸው እኮ! ግመል ነው የምታሠለጥነው ፈረሰኛ?» ይለኛል። «አባዬ፣ ይሄ ጉግስ አይደለም» እለዋለሁ። ያኔ ትንሽ የነበረችው ሊዲያ ከወንበሩ ሥር አትጠፋም ነበር። በመጥረጊያ እንጨት ከጋጣው ኋላ ሲጫወቱ አያለሁ፤ የአያትና የልጅ ልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኳቸው። አባቴ እዚሁ ናይሮቢ አረፈ። ሊዲያም አድጋ ለክለቡ ተወዳደረች፣ አሸነፈች፣ ከዚያ ረዳቴ ሆነች። ከእኔ ጋር ስትሠራ «ምቤሌ» እያለች እንደ እኔ ትጮህ ነበር፤ ተቃውማኝ አታውቅም።

እንግዲህ ጡረታ ስወጣ ሊዲያ ቃል አስገባችኝ። «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ወቅቱ እስኪያልቅ ክለብ እንዳትመጣ። አንተ አጥር ሥር ከቆምክ ልጆቹ እኔን አያዩኝም።» እውነቷን ነው። ቃሌን ጠበቅሁ፤ እንዴት እንደጠበቅሁ አስቴርን ጠይቋት። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ሚስስ ዴሳይ ናት። «ግርማ፣ ልጅህ ልጆቹን በመጥረጊያ እንጨት እያደባደበች ነው። ወላጆች ደወሉልኝ። ምን እያደረገች ነው?» ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ስልኩን እንኳ በወጉ አልዘጋሁትም፤ ማታቱ መጠበቅ ስላልቻልኩ ቦዳ ቦዳ ላይ ተንጠልጥዬ በረርኩ።

ስደርስ ያየሁትን ላምን አልቻልኩም! ሕፃናቱ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ይዘው፣ የፕላስቲክ ሳፋ ክዳን እንደ ጋሻ ታጥቀው፣ ሜዳው ላይ ይተረማመሳሉ። ዋንጂሩ የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ኪቦኮ የሚባለውን ወፍራም ፈረስ እየጋለበች ትሸሻለች፤ ወደ ኋላ ዞራ እያየችም ትስቃለች።

«አንጋሊያ ምቤሌ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን እንደ ወታደር ወደ ፊት መለሱ። ኪቦኮም ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሊዲያ ከሜዳው መሃል እየተጣደፈች መጣች። «ዳዲ! ፕሮሚስ አድርገህልኝ ነበር!»

«ቃሌን የምጠብቀው አንቺ አእምሮሽን ስትጠብቂ ነው! ወደ ኋላ ማየት ታስተምሪያለሽ? በእኔ ሜዳ ላይ?»

«የአንተ ሜዳ አይደለም፤ አሁን የእኔ ነው» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «ዳዲ፣ ያሠለጠንካቸው ልጆች ፊት ለፊት ያያሉ፣ ኦኬ። ግን እንጨቱ ኳ ሲል ምን እንደሚሆኑ ታውቃለህ? ትከሻቸው ይደርቃል። ላለመዞር ሲታገሉ ፍሪዝ ያደርጋሉ፤ ፈረሱም አብሮ ይፈራል። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ልጆቹ አይተው እንዲገላገሉ ነው የምፈልገው።»

«ወደ ኋላ ያየ ውድድር ያጣል! እኔ በራዲ ላይ...»

«ራዲን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ና፣ ውጣ።»

አንድ አሮጌ ፈረስ አስጎተተችልኝ። ልጆቹ ሁሉ እያዩኝ ወጣሁ፤ ንዴቴ ጆሮዬን አግሎታል። ሊዲያ ዛቡን እንድለቀው አዘዘችኝና ፈረሱ በእርምጃ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። ከኋላዬ ቀርታ፣ «አሁን ወደ እኔ እይ» አለች። ዞሬ አየኋት። ፈረሱም ከእኔ ጋር ዞረ።

«አየሽ!» ብዬ ጮህኩ። «ይኸው! ያልኩሽ ይሄ ነው!»

«አሁን ደግሞ ዓይንህንና አንገትህን ብቻ አዙር። እምብርትህን አታዙረው። እምብርትህ ወደምትሄድበት ይሁን።»

እሺ አልኩ፣ ላዋርዳት። አንገቴን አዞርኩ፣ እምብርቴን ወደ ፊት ተውኩት። ሊዲያን አየኋት፤ ከእሷ ኋላ አጥሩን አየሁ፤ ልጆቹን አየሁ። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል! ደገምኩት። ቀጥ ብሎ ይሄዳል! በሶምሶማ ሞከርኩት፣ በደንገላሳም ሞከርኩት። ፈረሱ ዓይኔ የት እንዳለ ደንታም የለው። እሱ የሚሰማው ዳሌዬን ነው፤ ዳሌዬ ከዞረ የሚያስቀድመውን እግር ቀይሮ ይዞራል።

«ዓይንህ ለጠላት፣ እምብርትህ ለመንገድ» አለች ሊዲያ። «አያቴ ሁልጊዜ የሚላት ነገር። ለአንተ አላለህም?»

«ዓይኑን ነግሮኛል» አልኳት። «እምብርቱ ጋ ሳንደርስ አገር ለቅቄ ወጣሁ።»

እዚያው ፈረሱ ላይ ሆኜ ከት ብዬ ሳቅሁ። እያለቀስኩም ነበር መሰለኝ። ራዲ እግር ቀየረ! ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ሰምተውታል፣ ነግረውኛልም፤ እኔ ግን ድርቆሽ ውስጥ ገብቼ የራሴን ሕግ አወጣሁ። አባቴም ያን የእኔን ትምህርት ልጄን አስጨርሷት ሄዷል። እልኸኛ ሰው ሆኜ መፈጠሬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ባልናደድና ባልመጣ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር! «ለሚስስ ዴሳይ እኔ አስረዳታለሁ» አልኳት ሊዲያን። «አይ፣ ራሴ ነኝ የማስረዳት። አንተ ቤትህ ግባ» አለችኝ። ገባሁ። ሚስስ ዴሳይ የሰጠቻት መልስ አጭር ነበር፤ «በመዝጊያው ቀን እናያለን።»

የመዝጊያው ቀን ከአስቴር ጋር ከተመልካቹ መሃል ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ከአጥር ወዲያ ሆኜ ውድድር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደንቡን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ከውጭ ሆኖ ለፈረሰኛ መመሪያ የጮኸ ሰው ካለ ፈረሰኛው ከውድድር ሊሰረዝ ይችላል። አስቴር ይህን ከእኔ ስትሰማ የኖረች ናትና ገና ስንቀመጥ ሻርፗን አጣጥፋ ያዘች። «አፍህን ስትከፍት ይሄን ነው የማጎርስህ» አለችኝ።

የሊዲያ ልጆች ሦስቱ ደኅና ሠርተው ወጡ። መጨረሻ ላይ የቀረችው ዋንጂሩ ናት፣ ከነኪቦኮዋ። አንድ እንጨት ብትጥል ወይም ፈረሱ አንዴ እምቢ ቢላት ቡድኑ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ልጄም ሥራዋን ታጣለች። ሚስስ ዴሳይ ከፊታችን ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች። ሊዲያ መግቢያው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ከሩቅ ይታየኛል።

ኪቦኮ እንደ ስሙ ጉማሬ ነው፤ ሲጀምር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያዎቹን በደኅና አለፈ። መሃል ላይ ሁለት መሰናክሎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሁለተኛውን ሲዘልል እግሩ ዘገየና፣ «ኳ!»

ዋንጂሩ ዞረች።

እኔም ተነሣሁ። አፌ ተከፈተ፤ ስንት ዘመን የጮህኩት ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አስቴር ሻርፑን አላገኘችውም መሰለኝ፣ እጇን ነው አፌ ላይ የለጠፈችው። እኔ ነከስኳት! ዓይኔ ግን ከልጅቷ ወገብ አልተነቀለም። አንገቷ ዞሯል፤ ወገቧ ንቅንቅ አላለም። እንጨቱ እንዳልወደቀ አየች፤ ፈገግ አለች፤ በውድድር መሃል ፈገግ አለች እኮ! ፊቷንም መለሰች። ኪቦኮ ምንም እንዳልሆነ ቀጥ ብሎ ወደሚቀጥለው ሄደ፤ ዘለለው። ቀጣዩንም። የመጨረሻውንም!

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። የማላውቀውን ሰው አቅፌ ስስም ነበር አሉ። አስቴር ጣቷን እያሸች «አንተ ሰውዬ፣ ጥርስህ ጡረታ አልወጣም!» ስትል ሰምቻለሁ። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። ሚስስ ዴሳይ መነጽሯን አውልቃ ወደ ሊዲያ ሄደችና እጇን ጨበጠቻት። «ለዚያ ለውጭው ሰው እንዳይመጣ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ» አለቻት። ጥቂት ሄዳም ተመለሰች፤ «ያ የእንጨቱ ጨዋታ ስሙ ምንድነው? ለወላጆቹ እኔ ራሴ ላስረዳቸው።»

ሊዲያ ልጆቹን ሸኝታ ስትጨርስ ወዳለሁበት መጣች። እኔ ለመናገር ተሰናድቼ ነበር፤ ሦስተኛው መሰናክል ላይ ስለ ታየችኝ ነገር ሁለት ሐሳብ፣ ስለ ኪቦኮ ውፍረት አንድ ሐሳብ ነበረኝ። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«ዳዲ፣ ሰኞ ሥራ አለህ?»

«ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?»

«እኔም እኮ ጨርሼ አልተማርኩም» አለች፣ አጠገቤ እየተቀመጠች። «አያቴ ያስተማረኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። በፈረስ ሆኖ አባሮኝ አያውቅም፤ ጉልበቱ የታለ? ልጆቹ ደግሞ ለእኔ ቀርፋፋ ናቸው። የሚያባርረኝ ሰው የለኝም።»

አስቴር ከጎኔ «በስመ አብ! ይሄ ሽማግሌ ሊሰበር ነው» አለች። እኔ ግን ምን እንደመለስኩ ታውቃላችሁ።

ሰኞ ማለዳ ሜዳው ላይ ከሳይሶቹ በቀር ማንም አልነበረም። የክለቡን ፈጣኑን ፈረስ ሰጠችኝ፤ እሷ ከዚያ የሚያንሰውን ያዘች፣ ለሽማግሌ አድልታ ነው። የሳፋውን ክዳን ክንዷ ላይ አሰረች፤ እኔ ጨርቅ የተጠቀለለውን ዘንግ ጨበጥኩ። «ትዌንዴ! እንሂድ!» ብላ ፈረሷን ለቀቀችው። ተከተልኳት! ንፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ጉልበቴ ጮኸ፣ ባርኔጣዬ በረረች። ዘንጉን ወረወርኩ፤ ልጄ ዞራ አየችውና በክዳኑ «ቿ!» አድርጋ መለሰችው። ሳይሶቹ አጥሩን እየደበደቡ ይጮሃሉ።

«ዳዲ፣ ያ ነው ሩጫህ? ና እንጂ! ና!» አለችኝ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ፤ ፈረሷ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ ይበራል። ፈረሴን ኮለኮልኩት፤ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰጠሁት፤ እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ በሙሉ ልቤ አባረርኳት።

አልደረስኩባትም። ጌታ ይባረክ፣ አልደረስኩባትም!